ማትላብ ላይ መብራት አይጠፋም

የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ሆይ፣ እንኳን ደስ አለህ! ማትላብ የተባለውን የስሌት ሶፍትዌር ከከፈትክ ወዲህ የአገሪቱ የኃይል ችግር ተፈቷል። በኒውተን-ራፍሰን ስሌት የቮልቴጁ መልስ በጥቂት ዙር ይገኛል፤ ትራንስፎርመሩ አይፈነዳም፣ ምሰሶው አይዘምም፣ ዝናብ ባካፋ ቁጥር መስመር አይበጠስም። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አንተም በሞዴልህ ላይ አንዲት መስመር ስበህ ኃይሉን እያንዳንዱ ጎጆ ድረስ ታደርሰዋለህ። የእውነቱ መስመር ግን ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ሽቦና ቆጣሪ ይጠይቃል፤ እነዚህ ደግሞ በማውስ አይጎተቱም። መብራት ቢሄድም አትደንግጥ፤ የላፕቶፕህ ባትሪ እስኪያልቅ አገሪቱ በብርሃን እንደተጥለቀለቀች ናት። ብቻ ሥራህን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ፤ ሻማ የጠፋ ፋይል አይመልስም።