ለዓሣም ኮታ ይውጣለት

በጅዳ ዓሣ የሚበላ ነገር ነበር። ባንጋላ ገበያ ትወርዳለህ፣ ናጂል ወይም ሐሙር መርጠህ ታስመዝናለህ፣ እዚያው አስጠርገህ አስጠብሰህ ሩዝ ላይ ታጋድመውና ቢስሚላህ ትላለህ። አለቀ። ዘንድሮ ዓሣ ሳሎን የሚቀመጥ እንግዳ ሆኗል። ቡና አይጠጣ፣ ወሬ አያወራ፣ አይሄድ! መብራት በርቶለት፣ ሞተር ተገጥሞለት ይንፈላሰሳል፤ እኔ ሽማግሌው ደግሞ ባልዲ ይዤ እንጎራደድለታለሁ።

ነገሩን ያመጣው የልጅ ልጄ ነው። እናቱ ኮርኒሽ ላይ ያለውን ፋኪህ አኳሪየም ወስዳ አሳየችውና ሻርክ አይቶ ተመለሰ። ቤት እንደደረሰ «ያ ጂዲ፣ እኛም ይኑረን» አለ። አባቱ ሻርኩን ባይችል 200 ሊትር የሚይዝ መስታወት ገዛለት። እሺ፣ መስታወቱስ ይሁን። ዓሦቹን እንዲህ አጭቁ ያላቸው ማነው? ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚወድ ፍጥረት ነው፤ ጨመሩት። ኦስካር አድጎ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ሆዳም ነው፤ እሱንም ጨመሩት። ጋፒ ጣት የማታክል ሚስኪን ናት፤ ከኦስካሩ ጋር ጨመሯት። ጋፒዎቹ እየጎደሉ ሲሄዱ አማቼ «ተደብቀው ይሆናል» አለ። አዎ፣ ኦስካሩ ሆድ ውስጥ ተደብቀዋል!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ማጣሪያው ነው። ካርቶኑ ላይ «ለ200 ሊትር» ተብሎ ተጽፏል፤ መስታወቱም 200 ሊትር ነው፤ በቃ፣ ተገዛ። ውሃ ብቻውን ቢቀመጥ ማጣሪያ ምን ያደርግለታል? ማጣሪያ የሚለካው በሚበላውና በሚያራው ነው። ጥቂት ዓሣ ላለው ገንዳ ማጣሪያው ውሃውን በሰዓት 4 ወይም 5 ጊዜ ቢያዞረው ይበቃል፤ እንደኛ ሳሎን ለታጨቀ ግን ወደ 8፣ ወደ 10 ጊዜ ማለት ያስፈልጋል። ለ200 ሊትር በሰዓት እስከ 2000 ሊትር ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ባዶውን፣ ያለ ስፖንጅ፣ ውሃ ሽቅብ ሳይገፋ የተለካ ነው። ስፖንጁ ገብቶ፣ ቱቦው ተጣምሞ፣ ዝቃጩ ሲጠራቀም ከዚያ ቁጥር ስንቱ እንደሚተርፍ የሚጠይቅ የለም። ይባስ ብሎ ሕንፃችን አሮጌ ነውና 110 እና 220 ሶኬት ጎን ለጎን አለው፤ አማቼ የ220ውን ሞተር 110 ላይ ሰክቶት ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ። መሐንዲስ ነው፣ ማሻአላህ!

ሻጩም ምክር አላጣም። አፉን መስታወት ላይ ለጥፎ የሚውል ጥቁር ዓሣ አለ፤ እዚህ ሰዉ «ዘባል» ይለዋል። «እሱን ጨምሩ፣ ያጸዳላችኋል፤ ትልቅ ማጣሪያ አያስፈልግም» ብሎ ሸጠላቸው። ይህ ፍጥረት አረንጓዴውን አልጌ ይልሳል እንጂ የጎረቤቱን ኩስ አይነካም። የላሰውን ደግሞ መልሶ ያወጣዋል፤ ከኋላው እየተንጠለጠለ የሚጎተተውን ረጅም ነገር ያየ ሰው ማን ለማን እንደሚያጸዳ ይገባዋል።

የሚታየው ቆሻሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተማረርኩ። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ ያው አሞኒያ ይሆናል። ውሃው ጥርት ብሎ እያየኸው ዓሣው ይሞታል። ይህን መርዝ የሚያነሱት ማጣሪያው ውስጥ ስፖንጁና ሸክላው ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትራይትም ገዳይ ነው። ናይትሬት እስኪበዛ ድረስ ይቻላል፤ ሲበዛ መድኃኒቱ ውሃ መቀየር ነው፣ ማለትም እኔ። ትልቅ ማጣሪያ ግዙ ብዬ የምጮኸውም ለሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሆዱ ሰፊ ይሁን፣ እነዚህ ሠራተኞች የሚሰፍሩበት ቦታ ያግኙ ብዬ ነው። ሠፍረው ለመደላደል ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። በእኛ ቤት መስታወቱም፣ ውሃውም፣ ዓሣውም ባንድ ቀን ገቡ። «ልጆች፣ ቀስ በሉ» ብል ልጄ «አባባ፣ ዘመኑ ተቀይሯል እኮ» አለችኝ። ዘመኑ ቢቀየር ባክቴሪያ ምን አገባው?

እሷው ናት ኋላ ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር አድርጋ በክሎሪን ውሃ ነጭ እስኪሆን ያጠበችው። ንጽሕና ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ አልቆጣም። ግን ስፖንጅ ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ይመለሳል እንጂ እንዲህ አይፈጅም። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ «ተርበዋል» ብላ ምግብ ጨመረችላቸው። ያ ረብ!

የጅዳ ውሃ ደግሞ ዱሮም በቀላሉ አይገኝም። ከባሕር ውሃ ጨው የሚያወጣውን ማሽን የከተማው ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ «ከንዳሳ» ይሉታል፤ ንጉሥ አብዱልአዚዝ እ.ኤ.አ. በ1928 ሁለት አስመጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የአዚዚያ ምንጭ ከዋዲ ፋጢማ በቧንቧ መጣ። አሁን የባሕሩ ውሃ ሹዐይባ ላይ ጨው ወጥቶለት ሽቅብ መካ ድረስ ይወጣል። ይህን ሁሉ ደክመው ያመጡት ውሃ እኛ ሕንፃ ሲደርስ ምድር ቤት ኸዛን ውስጥ ይጠራቀማል፣ በዲናሞ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ፀሐይ ትቀቅለዋለች። የመንግሥቱ ሲዘገይ በዋይት፣ በውሃ ቦቴ፣ እንገዛለን። በሐምሌ የቀዝቃዛው ቧንቧ እጅ ስለሚፈጅ ብዙ ቤት ማሞቂያውን አጥፍቶ የማሞቂያውን ውሃ ነው ለመታጠቢያ የሚከፍተው፤ ቤት ውስጥ ስላለ ይቀዘቅዛላ። እንግዲህ ከዚህ ውሃ ነው ለእነ ኦስካር የሚቀዳው! በባልዲ ቀድቼ አሳድረዋለሁ፣ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብ አደርጋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ እጨምራለሁ። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ሰዎቹ ደግሞ ከቤት ሲወጡ ለመብራት ቆጣቢ ሆነው ሙከይፉን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን፣ ያጠፋሉ።

አስተግፊሩላህ፣ ሑጃጅን ከዓሣ ጋር ማስተካከሌ አይደለም። ግን ይህ አገር ስለ መጨናነቅ የማያውቀው ነገር የለም። ሑጃጁ የሚሰፍሩባት ሚና ሸለቆዋ ጠባብ ስለሆነች ለየአገሩ ኮታ ወጥቷል፤ ከአንድ ሚሊዮን ሙስሊም 1000 ሐጂ። ጠጠር የሚወረወርበት የጀመራት ድልድይም እ.ኤ.አ. ከ2006ቱ የመረጋገጥ አደጋ በኋላ ፈርሶ ሲሠራ በሰዓት 300,000 ሰው እንዲያሳልፍ ሆኖ ነው፤ መግቢያው ለብቻ፣ መውጫው ለብቻ። መጀመሪያ የሚመጣውን ይቆጥራሉ፣ ከዚያ መንገዱን ያሰፋሉ። የእኔ አማች ከመካ 80 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት እየኖረ፣ መጀመሪያ መንገዱን ይገዛና መንገደኛውን ኋላ ያጭቃል።

ባለቤቴ ደግሞ «ለበረካ ዘምዘም ጠብ እናድርግበት» አለች። ሴትዮ፣ ዘምዘም የሚጠጣ ነው፤ ማዕድኑም የበዛ ነው፣ ኦስካር ምን ያደርግለታል? ደግሞስ ዘምዘም ራሱ መካ ኩደይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 በተመረቀው ማዕከል ተጣርቶ አይደለም ወይ የሚታሸገው? ለዘምዘም ማጣሪያ የተሠራለት አገር ውስጥ ለኦስካር ማጣሪያ መግዛት ከበደን።

እኛ ሐይቅ ዳር ስናድግ ማጣሪያ የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን ባልኩ ቁጥር ልጁ «ታዲያ እዚህ ለምን ያስፈልጋል?» ይለኛል። ልጄ፣ እዚያ ለአንዱ ዓሣ ስንት ሺህ ሊትር ውሃ እንደሚደርሰው አስበው፤ ጭቃው፣ ቄጠማው፣ ነፋሱ ሁሉ ማጣሪያ ነው። ያንተ ኦስካር ከሰባት ጎረቤት ጋር የሚኖረው ከሶፋ ባነሰ ቦታ ነው።

በስንት ጭቅጭቅ አሁን ከገንዳው ሥር የሚቀመጥ ትልቅ ማጣሪያ ተገዛ፤ ገንዳው ውስጥም በአየር ፓምፕ የሚሠራ ተራ ስፖንጅ አስገባሁ፣ አንዱ ቢቆም ሌላው እንዲተካ። ስፖንጁ ዋጋው ጥቂት ሪያል ነው፤ ለዚህች ጥቂት ሪያል ግን ከትልቁ ይልቅ ረጅም ክርክር ተደረገባት። ኦስካሩን ለሱቁ እንመልስ ብል ልጁ አለቀሰ፤ ስለዚህ ኦስካሩ አለ።

ረመዳን ሲጋመስ ደግሞ ለመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች መካ ልንወጣ ነው። የሐረም ርግቦች ማንም ሳይነካቸው፣ ሞተር ሳይገጠምላቸው የሐጂውን ጥሬ እየለቀሙ ይኖራሉ፤ እኔ ግን ጠዋፍ ላይ ሆኜ ስለ ሶኬት ላስብ ነው። ጤነኛ ዓሣ ለጥቂት ቀን ባይበላ ምንም አይሆንም። ቁልፉን ለሕንፃው ጠባቂ ልሰጠው ነው፤ ሙከይፉን እንዳያጠፋ፣ ሞተሩን እንዳይነካ፣ ምግብ ደግሞ ፈጽሞ እንዳይሰጥ አስጠንቅቄዋለሁ። «አብሽር ያ ሐጅ፣ እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው» አለኝ። የእሱን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም ወፍራሞች ናቸው። የምግቡን ቆርቆሮ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ መካ ይዤው እወጣለሁ።