በጅማ ቡና ላይ ስለሚታይ የስልክ ጠባይ የቀረበ ጥናት

“ቡና ላይ ስልክ አይነካም” የሚለውን ደንብ ከጅማ እስከ አጋሮና ሊሙ ገነት የሚቃወም ሰው አልተገኘም። የሚያከብረውም አልተገኘም።

ለዚህ ጥፋቱ የስልኩ ብቻ አይደለም። ድሮ ጎረቤት ለቡና የሚጠራው ልጅ ተልኮ ነበር። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ ሀገር ከወረደ በኋላ ግን ልጁ ከሥራው ተሰናበተ፤ አሁን ቡናው መቆላት ሲጀምር ሚስኮል ይደረጋል። በሚስኮል የተጠራን እንግዳ ስልክህን ቤት ትተህ ና ማለት ደግሞ ግፍ ነው።

በአቦል ጊዜ ሥርዓቱ የተሟላ ነው። ስልኮች ጭን ላይ ተደፍተዋል፤ ወሬው ስለ ጎረቤት ነው። በቶና አንዱ “ሰዓት ልይ ብዬ ነው” ይላል፤ ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሎ ሳለ። ሰዓቱን አይቶ ለመጨረስም አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። በረካ ሲደርስ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሁሉም አቀርቅሯል፤ ለደራሽ ሰው ጸሎት ይመስላል። ስልክ ያልነካችው ቡና አፍሊዋ ብቻ ናት፤ አንድ እጇ ጀበና፣ ሌላው ሲኒ ይዟል። እሷም ብትሆን ስልኳን ረከቦቱ ጠርዝ ላይ አቁማ በስፒከር ከእህቷ ጋር እያወራች ነው።

አዝመራ ሲገባ ደንቡ ጨርሶ ይታገዳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና ይለቀማል፣ ዋጋው ይዋዥቃል፤ አጋሮ ላይ አንድን ቡና ሰብሳቢ “ስልክህን አስቀምጥ” ማለት “መጋዘንህን ዝጋ” ማለት ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ ወዲህ ዋጋ በስልክ መልእክት ማሰራጨቱ ለሰብሳቢው በቂ ምክንያት ሆኖታል። ስለዚህ “አስቸኳይ ነው” ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። አንድ ኪሎ ቡና ሸጦ የማያውቀው አስተማሪም “አስቸኳይ ነው” ብሎ ይከተለዋል።

ሁሉንም እኩል የያዘ ገደብ በታሪክ ታይቷል፤ የግል ግን አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመሰረዙ፣ በማግስቱ ዓመት በፈተናው ሰሞን መንግሥት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ዘጋ። እንዲህ ባለው ሰሞን ደግሞ ስልክ ከወትሮው አብልጦ ይከፈታል፤ “መጣ እንዴ?” ለማለት።

እናም ጥናቱ ስልክ ይዘጋ ብሎ አይመክርም። አቦል ሳይቀዳ “ቻርጀር አላችሁ?” ባይባል ግን መልካም ነው።