ልጃችሁ ባሕር ተሻገረ

ይድረስ ሀዋሳ ቡሹሎ ላላችሁት ለሁላችሁም፤ ከእማዬ ጀምሮ፣ ሳይጠራ መጥቶ እስከሚያዳምጠው እስከዚያ ጎረቤት ድረስ። ልጃችሁ ደህና ነው። ከስቷል የተባለው ውሸት ነው፤ ፎቶው የተነሣው በጎን ነው። እትዬ «ያንተ ደብዳቤ እኔ፣ እኔ፣ እኔ ብቻ ነው» ብለው ስለገሠጹት ይህኛውን እንደ መጽሔት ጸሐፊ፣ ስለ ሌላ ሰው አድርጎ ጽፎታል። ሌላው ሰው ያው እሱ ነው።

ነገሩን የጀመሩት ጋሼ ናቸው። ለፋሲካ ከናይሮቢ ሲደውል ልጃችሁ «ባሕር ማዶ ያለ ሰው...» ብሎ ገና ሳይጨርስ፣ ጋሼ ስልኩን ከእማዬ እጅ ነጠቁና «በአውቶብስ ሄደህ የምን ባሕር ማዶ ነው!» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሲስቅ ናይሮቢ ድረስ ተሰማ። የእትዬ ሳቅ ደግሞ ከሁሉም ተለይቶ ተሰማ።

ካርታውም የሚመሰክረው ለጋሼ ነው። ከሀዋሳ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዲላ፣ ሀገረ ማርያም፣ ሜጋ እያሉ ሲወርዱ ባሕር የሚባል ነገር አያጋጥምም። ከሞያሌ ወዲያ እስከ ማርሳቢት ያለው ድንጋይና ግመል ነው። ድሮ በዚያ በኩል የጭነት መኪኖች ተሰብስበው በታጣቂ ታጅበው ነበር የሚያልፉት፤ ዛሬ እስከ ናይሮቢ አስፋልት ነው። ሞያሌም በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያ አላት። ልጃችሁ ይህን ሁሉ በጀግንነት፣ አብዛኛውንም ተኝቶ፣ አልፎታል። ያም ሆኖ የተሻገረው ድንበር እንጂ ባሕር አልነበረም።

ስለዚህ ባሕር መፈለግ ግድ ሆነ።

ወጥ ቤት አብሮት የሚሠራው ልጅ የፓቴ ሰው ነው። ፓቴ በኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ወደ ሶማሊያ ድንበር ከተጠጉት የላሙ ደሴቶች አንዷ ናት። ልጁ ወንድሙን ሊድር ሲሄድ «ና» አለው፤ ልጃችሁም በዚያው ሌሊት የጉዞ ዕቅድ አወጣ። አንደኛው መንገድ አውሮፕላን ነበር። እሱ እንኳ ላሙ ከተማ አያደርስም፤ የሚያርፈው ማንዳ በምትባለው ጎረቤት ደሴት ላይ ነው፤ ሻንጣ ተይዞ እንደገና ጀልባ ነው። ዋጋውን ሲሰማ ዕቅዱ በዚያው ተዘጋ። ሁለተኛው ከግንቦት 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ናይሮቢንና ሞምባሳን የሚያገናኘው ባቡር ነው፤ የተራው ወንበር 1,500 ሽልንግ።

ሞምባሳ ራሷ ደሴት ናት። ልጃችሁ ይህን እንዳወቀ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ደወለ፤ ትዝ ይላችኋል። «ደሴት ልገባ ነው፤ ተቆጠረልኝ ወይ?» ቢል፣ እትዬ «በምንድን ነው የምትገባው?» ብለው ጠየቁ። «በድልድይ።» «በድልድይማ የጥቁር ውኃን ወንዝ ስንቴ ተሻግረናል!» ስልኩ ተዘጋ። የሂሳብ ማለቅ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ከሞምባሳ ማሊንዲ፣ ከዚያ ጋርሰን፣ ከዚያ ዊቱ፤ ከፊሉን መንገድ አውቶብሶቹን ፖሊስ አጅቧቸዋል። መሬቱ ሞኮዌ ላይ ያልቅና ወደ ላሙ በጀልባ ነው። መሻገሪያው ግን አጭር ስለሆነ፣ ልጃችሁ የጋሼ ድምፅ ከወዲሁ በጆሮው መጣበት፤ «አሞራ ገደል ጉማሬ ለማየት በጀልባ የሚኬደው ይበልጣል!» ላሙ አልበቃችም። ፓቴ መድረስ ነበረበት።

ላሙ እንዴት ያለች ከተማ ናት! በ1994 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች፣ መንገዶቿ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፉ። አሸዋውንም፣ ድንጋዩንም፣ የሙሽራ አልጋውንም የሚያመላልሱት አህዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 የተከፈተ የአህያ ክሊኒክም አላቸው። ጋሼ፣ እዚህ ላይ ያንብቡ፤ አህያ እንኳ በሰዓቱ ይታከማል። ጤና ጣቢያው ደጃፍዎ ላይ ሆኖ ያ ጉልበት እስከ መቼ በዝንጅብል ይታሻል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ወደ ፓቴ የሚሄደው ጀልባ ባለቤት ሁለት ጣቱን አውጥቶ «ነገ በሁለት» አለ። የልጃችሁ ስዋሂሊ የወጥ ቤት ስዋሂሊ ነው፤ ከሽንኩርት፣ ከቢላዋና ከ«ቶሎ በል» አያልፍም። የስልኩ ሰዓት ደግሞ የፈረንጅ ነው። ሁለት ማለት ከሌሊቱ ነው ወይስ ከቀትር በኋላ? አሰበ፤ ሌሊት ከሆነ ተኝቶ ያመልጠዋል፤ ቀን ከሆነ አስቀድሞ መገኘት አይጎዳም። ስለዚህ ለ12 ሰዓት አውቶብስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መናኸሪያ የሚገኙትን የእትዬን ሕግ ተከተለና፣ ስልኩ 2፡00 ሲል ጓዙን ይዞ መሳፈሪያው ላይ ቆመ።

ባሕሩ የለም።

ማታ ከግንቡ ሥር ሲንቦጫረቅ የነበረው ውኃ ሄዷል። ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። የእኛ የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ እንኳ የለውም፤ ማታ የተውከው ቦታ ጠዋት ታገኘዋለህ፤ እንዲህ ያለ ክህደት ልጃችሁ አይቶ አያውቅም። አጠገቡ ያለው አንድ አህያ ብቻ ነው። አህያውም ወደሱ ቀረበ፤ እማዬ ለሙሽራው ብላ የላከችው ቆሎ ሸቶት ነበር።

ከዚያ ዘበኛው በባትሪ መጣ። የት እንደሚሄድ ጠየቀው። «ፓቴ።» በምን? ልጃችሁ ጭቃው ላይ የተኛውን ጀልባ አሳየ። ዘበኛው ባትሪውን ጀልባው ላይ አበራ፤ ከዚያ ልጃችሁ ላይ፤ ከዚያ አህያው ላይ፤ ከዚያ ተመልሶ ልጃችሁ ላይ። ፊቱ ሲለወጥ ይታይ ነበር። ሌሊት፣ የባዕድ ሰው፣ ጓዝ፣ አህያ፣ ጀልባ፤ ሌባ ነው! አህያ ሰርቆ በባሕር ሊያሻግር!

ልጃችሁ «የእኔ አይደለም» ለማለት ፈለገ፤ ከአፉ የወጣው ግን «የእኔ» ላይ ቀረ። ከአህያው ለመራቅ አንድ እርምጃ ሄደ፤ አህያው አንድ እርምጃ ተከተለው። እሱ ዞረ፤ አህያውም ዞረ። ዘበኛው ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገውም። ፓስፖርት ወጣ፤ አህያው አሸተተው። ዘበኛው የአህያውንም መታወቂያ የሚጠይቅ መሰለ። በመጨረሻ ከረጢቱ ተፈታ፤ ቆሎው ታየ፤ አህያው አፉን ከተተ፤ ዘበኛውም እፍኝ ዘግኖ ቀመሰ። አላምጦ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና ዘገነ። እማዬ፣ ልጅሽን ከእስር ያወጣው ቆሎሽ ነው፤ ሱፉ ግን በዝቷል።

ሦስቱም ግንቡ ላይ ከተረጋጉ በኋላ ዘበኛው በጣቱ ማስረዳት ጀመረ። አሁን ስምንት ሰዓት ነው። ጀልባው በሁለት ነው። ልጃችሁ 2፡00 የሚለውን ስልክ ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ነው የሚቆጥሩት፤ ልክ እንደ እማዬ። እንግዲህ ልጃችሁ በስንት መከራ የቡሹሎ ሰዓት የሚሠራበት አገር ደርሶ ነው ፈረንጅ የሆነው! ባሕሩም ሰዓቱን ያውቃል፤ ከጎደለ በኋላ ለመሙላት ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ጀልባዎቹም በየቀኑ መነሻቸውን የሚያስተካክሉት በሱ ነው።

ስድስት ሰዓት መጠበቅ ነበረበት። የእርጥብ መረብና የዓሣው ሽታ የአሞራ ገደል ማለዳ ነው፤ ዓይኑን ቢጨፍን ቆሮሶ ዓሣ የሚገፍፉት ልጆች ድምፅ የሚሰማው መሰለው። ለመደወል ስልኩን አወጣ። ሰዓታችን አንድ ስለሆነ ቡሹሎም ስምንት ነው፤ በዚያ ሰዓት ነቅተው ይገኙ የነበሩት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባባ ብቻ ነበሩ። ስልኩን ኪሱ ከተተው። አህያው ግን ነቅቶ ነበር፤ ልጃችሁ ስለ ጋሼ ሙሉውን ነገረው፤ ከእትዬ ጋር ያላቸውን የድስት ክርክር ጭምር። አህያው የፈረደው ለእትዬ ነው።

ሲነጋ ውኃው ተመለሰ፤ ጀልባው ቀና አለ፤ በሁለት ሰዓት ሙሉ ሆኖ ተነሣ። ዘበኛው ታሪኩን ለተሳፋሪው ሁሉ ስላዳረሰው ሴቶቹ አህያውን የት እንደተወው ይጠይቁት ነበር። ጀልባው በማንዳና በዋናው መሬት መካከል ባለው፣ ግራና ቀኙ ማንግሮቭ በሆነው ጠባብ የምካንዳ ቦይ ገባ፤ ይህ ቦይ የሚታለፈው ውኃው ሲሞላ ብቻ ነው። ሲወጡ ባሕረ ሰላጤው ተከፈተ፤ በዋናው መሬት በኩልም አዲሱ የላሙ ወደብ ታየ። ጋሼ በሬዲዮ ሰምተው «ባሕሩ ቤታችን ሊመጣ ነው» ያሉት ይኼ ነው። የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በዓድዋ ዕለት፣ ምዋይ ኪባኪ፣ ሳልቫ ኪርና መለስ ዜናዊ መሠረቱን ጣሉ፤ የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ ግንቦት 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ከወደቡ ወደ እኛ እንዲመጣ የታቀደው መንገድ በኢሲዮሎና በሞያሌ አድርጎ በሀዋሳ ነው የሚያልፈው። ከዚህ በኋላ ሰው የሚሻገረው ባሕር ከዚያው ከራሳችን መንገድ ጫፍ ላይ ነው ማለት ነው፤ ጋሼ ይህን ክርክር እንዴት እንደሚፈቱት ልጃችሁ በጉጉት ይጠብቃል።

ፓቴ ላይ ሠርጉ ደመቀ። ከደሴቲቱ ሰዎች አንዳንዶቹ ከ600 ዓመት በፊት መርከባቸው ከተሰበረባቸው ቻይናውያን መርከበኞች እንወለዳለን ይላሉ፤ በመናኸሪያ ያገኙትን ሁሉ ዘመድ የሚያደርጉት እትዬ እዚህ ቢኖሩ ቤጂንግ ድረስ ለቅሶ ይደርሱ ነበር። ልጃችሁ እስክስታ ወርዷል፤ ተጨብጭቦለታል፤ ቪዲዮውን የያዘው ሰው ግን እንዳይልከው ተለምኗል።

ቆሎው አልቋል። በሞያሌ በኩል የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ቆሎና በርበሬ ላኩ፤ በርበሬው በሁለት ፌስታል ይታሰር፤ ያለፈው የልጃችሁን ነጭ ሸሚዝ ጨርሶታል። ቡርሳሜ አትላኩ፤ መንገድ ላይ ይበላሻል፤ እሱን የሚበላው መጥቶ ነው። ጋሼም መምጣት ከፈለጉ ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ካርድ ይያዙ፤ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልግም።