ማስጠንቀቂያው ለሌላ ሰው ነው

ኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ የሚገኘው ቤዝፔጅ ብላክ የጎልፍ ሜዳ የመንግሥት ነው፤ ከፍሎ ተራ ያገኘ ሁሉ ይጫወትበታል። መነሻው ላይ ግን ሜዳው እጅግ ከባድ ስለሆነ የሚመከረው በጣም ለሠለጠኑ ብቻ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ተተክሏል። የእሑዱ ጎልፈኛ ምን ያደርጋል? አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ለዚህች ተራ እኮ መኪናው ውስጥ አድሯል!

እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኤስ ኦፕን የተባለው የጎልፍ ውድድር እዚሁ ሲካሄድ፣ ከተመደበው የምት ብዛት በታች የጨረሰው ታይገር ዉድስ ብቻ ነበር፤ እሱም በ3 ምት። የኛ ሰው በ3 ምት ገና ከረጅሙ ሣር አልወጣም። የጎልፍ መኪና ስለማይፈቀድ ዳገቱን በእግሩ ያዘግማል፤ ኳሷ ስትጠፋ ነፋሱን ይረግማል፣ ዱላውን ይገላምጣል።

ሰኞ ቢሮ ሲገባ ታዲያ «እኔና ታይገር የተጫወትንበት ሜዳ» ብሎ ይጀምራል። ውጤቱን ሲጠይቁት ስለ ሣሩ ርዝመት ያብራራል።