ስለ በርበሬ ሥርዓተ ዝግጅትና ስለ ደመወዝተኛ ሰዓት፤ አጭር ሐተታ

በቤቴ የተደለዘ በርበሬ እበላለሁ የሚል፣ ይህንንም በእንግዳ ፊት ከማዕረግ ስሙ አስቀድሞ የሚናገር፣ ነገር ግን ጧት በ2፡30 ቢሮ ገብቶ ማታ በ11፡30 የሚወጣ የከተማ ደመወዝተኛ እንዴት ያለ ፍጡር እንደሆነ ሊቃውንት እስካሁን ስላልመረመሩ፣ ይህችን ሐተታ ለመጻፍ ተገደናል። ሽሮና ቅቤን አላነሣንም፤ ቅቤ በአንድ ምሽት ይነጠራል፣ ሽሮም እህሉ ታምሶና ተከክቶ በጥቂት ቀን ይፈጸማል። በርበሬ ግን ዘመን ይፈልጋል።

በርበሬን ከጥንት ከአባቶቻችን ወረስነው የሚለው ወግ በታሪክ ዐይን ሲታይ ጥቂት ይናጋል። ተክሉ ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነውና፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም. ሲያርፉ ከቀይ ወጥ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሱም። በእኒህ ንጉሥ ዘመን ያን ያህል መጻሕፍት የተደረሱበትን ምክንያት ሌሎች ከሃይማኖት ክርክሩ ቢያመጡትም፣ እኛ ግን በግቢው የሚሰጣ በርበሬ ባለመኖሩ እንደሆነ እናምናለን።

ሥራው በቅንጠሳ ይጀመራል። የማረቆ ወይም የሀላባ ዛላ ከመርካቶ በርበሬ ተራ በፈረሱላ፣ ማለት በ17 ኪሎ፣ ተመዝኖ ሲመጣ፣ ደመወዝተኛው «ቅዳሜና እሑድ እንጨርሰዋለን» ይላል፤ ይህም ቃል በዘርፉ የመጀመሪያው ኑፋቄ ነው። ዛላው ተለቅሞና ተቀንጥሶ ፀሐይ ከመታው በኋላ ይደቆሳል፤ ተደቁሶም ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል፤ ተደልዞም ቅመሙ እስኪሰርፅበት ታፍኖ ያድራል፤ ከዚያም እንደገና ይሰጣል፤ ተሰጥቶም እንዳይሻግት ይገላበጣል፣ ዶሮ እንዳይጭረው ይጠበቃል፣ ጤዛ እንዳይወርድበት ማታ ይገባል፣ ጧት ይወጣል፤ ሲደርቅም ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱና ጨው ታምሰው ይጨመሩለታል፤ ወደ ወፍጮ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው። አስተዋይ አንባቢ እንደሚያየው፣ ከዚህ ሁሉ ሥራ ፀሐይ በሌለችበት የሚፈጸመው ጥቂቱ ነው፤ ደመወዝተኛ ደግሞ ፀሐይን የሚያያት በመስኮት ነው። ስለዚህ ሰውዬው በትርፍ ሰዓቱ በርበሬ ያዘጋጃል የሚለው የቀደመው አስተያየት ውድቅ ሆኖ፣ በርበሬው በተረፈለት ሰዓት ቢሮ ይገባል የሚለው ጸንቷል። ማስረጃውም ደመና ባንዣበበ ቁጥር ከስብሰባ መካከል ወደ ቤት የሚደወለው ስልክ ነው፤ «አስገቡት!» ከሚለው ቃል በቀር ሌላ ነገር አይነገርበትም።

የመጠን ነገር ከሁሉ ይጠልቃል። እናቶች ምሥጢሩን ለልጆቻቸው ሲያስተላልፉ ማንኪያም ግራምም አይጠሩም፤ «እስኪበቃው ድረስ» ብለው ያልፋሉ። ይህ ንባብ ትርጓሜ ያሻዋል፦ እስኪበቃው አለች፣ ሽታው ጎረቤት እስኪደርስ ስትል ነው፤ አንድም፣ ክንድሽ እስኪዝል ስትል ነው፤ አንድም፣ እኔ መጥቼ ሳላየው እንዳትነኪው ስትል ነው። በተግባር ያሸነፈው ሦስተኛው ትርጓሜ ነው። ልጅ «እማዬ፣ እስኪ ለአንድ ቀን ብቅ በይ» ብላ በደወለች ጊዜ፣ እናት ከነሰፌዳቸው መጥተው ወሩን ያጋምሳሉ፤ በርበሬውም ከዚያ ወዲያ «ራሴ ያዘጋጀሁት» ይባላል። በዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ይህንኑ ችግር በሻንጣ ስለፈቱት፣ የእነርሱን ሥርዓት ለጉምሩክ ሊቃውንት ትተናል።

በኮንዶሚኒየም ነገሩ ጉባኤ ይሆናል። የጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ እንደተከፈለ ሁሉ፣ እዚህም ላይ ቤት በረንዳዋን ሞልታ ታሰጣለች፣ ታች ቤት ታስነጥሳለች፤ የላይ ቤት ወገን በረንዳ የግል ነው ሲል፣ የታች ቤት ወገን ነፋስ የጋራ ነው ብሎ ይመልሳል። ቤቶቹን ያሠሩት ክፍሎች ለእርድና ለማብሰያ የሚሆን የጋራ ሕንፃ አስበው ማቆማቸው ቢያስመሰግናቸውም፣ የጋራ ፀሐይ ግን አላሰቡም። በወፍጮ ቤት ስለሚፈሰው ዕንባ አናትትም፤ ተራዋን ስትጠብቅ «የእኔ ከዚህችኛዋ ጋር እንዳይቀላቀል» ያላለች ሴት አለማየታችንን ብቻ መዝግበን እናልፋለን።

የቀረው የሕግ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚያገባ ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን፣ የቅርብ ዘመድ ለሞተበትም 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ለሚደልዝ ግን አንዲት ቀን አልደነገገም። ሕግ አውጪው በርበሬ ከሠርግም ከቀብርም የበለጠ ቀን እንደሚፈጅ አላወቀም ለማለት እንቸገራለን፤ ጧት ከቤቱ ሲወጣ ፍርፍር በልቶ ነውና። አዋጁ እስኪሻሻል ድረስ አንባቢዎቻችንን የምንመክረው፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የሆነውን የዓመት ፈቃዳቸውን በባሕር ዳርና በሐዋሳ እንዳያባክኑት፣ ማመልከቻቸውንም ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ እንዲያስገቡ ነው። ምክንያቱን «የግል ጉዳይ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ አለቃውም በዚያው ሰሞን በዚያው ምክንያት ፈቃድ የሚወጣ ስለሆነ ዝርዝር አይጠይቅም።