ኪስ የገባ ሕግ

ድሮ ነጋሪት ጋዜጣ የፈለገ ሰው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ድረስ ሄዶ ይገዛ ነበር። «አልቋል» ከተባለ ወይ ጠበቃ ወዳጁን ይለምናል፣ ወይ ፎቶ ኮፒ ያፈላልጋል። በዚያ ዘመን «ሕጉን አላውቅም» ያለ ሰው ቢያንስ ምክንያት ነበረው። ዛሬ ምክንያቱ ተወስዶብናል። አዋጁም ደንቡም በነጻ ይወርዳል። እንደ አቢሲኒያ ሎው ያሉ ድረ ገጾች ለዓመታት ሲሰበስቡልን ኖረዋል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የሰበር ቅጾቹን በድረ ገጹ ያወጣል፤ ቴሌግራሙማ አይነሣ። 3367 ቁጥሮች ያሉት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሠርግ ቪዲዮ ጋር ተዛዝሎ ስልካችን ውስጥ ተኝቷል። ተኝቷል ያልኩት አውቄ ነው።

እኛ ሕግ አውራጆች ከማንበብ ማከማቸት ይቀናናል። ግሩፑ ላይ አዲስ አዋጅ ሲለጠፍ ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ የምስጋናው መዓት ይዘንባል። የፋይሉ ስም «የመጨረሻው ትክክለኛ» ይላል፤ ሲከፍቱት ብዙ ጊዜ ረቂቅ ነው። ምክር ቤት ገና ያልተወያየበት ረቂቅ ካፌ ውስጥ ጸድቆ፣ በሥራ ላይ ውሎ፣ ጎረቤት ይዛትበታል።

አንድ ዓመቱን የደፈነ ወጣት ሠራተኛ በዓመት ፈቃድ ጉዳይ ከአለቃው ጋር ሲነታረክ ታዝቤያለሁ። ልጁ ስልኩን መዘዘና የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/96ን ከፍቶ፣ 14 የሥራ ቀን እንደሚገባው አንቀጽ ጠቅሶ አስረዳ። አለቃው ጥቂት አቅማማ፣ ተነፈሰ፣ «እንግዲህ ሕግ ካለ ምን እላለሁ» አለና ፈረመ። ያ አዋጅ ግን በ1156/2011 ተተክቷል፤ አዲሱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። ልጁ በገዛ አንደበቱ ተከራክሮ ሁለት ቀኑን አስረክቦ፣ አሸናፊ ሆኖ ወጣ። «የተሻሩ ሕጎች» የሚለው አንቀጽ አዋጁ ሊያልቅ ሲል ነው የሚቀመጠው፤ እዚያ ድረስ የሚዘልቅ አንባቢ የለም። የሚጥመን አንቀጽ ላይ ስንደርስ ንባቡ ያበቃል።

ለነገሩ ፍለጋውም ጣጣ አለው። አሮጌው ነጋሪት ጋዜጣ በስካነር የተነሣ ፎቶ ስለሆነ ቃል ጽፈው ቢፈልጉበት ምንም አያወጣም። ጽሑፉ የሚፈለግ ሲሆን ደግሞ ፊደል ያማርጣል፦ «ሠራተኛ» በንጉሡ ሠ ተጽፎ እርስዎ በእሳቱ ሰ ከፈለጉት «አልተገኘም» ሊልዎት ይችላል። ይህን ጊዜ ፊደሉን ቀይሮ ከመሞከር ይልቅ «ይኼ አገር ሕግ የለውም!» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ የሚወረውር ሞልቷል።

ትልቁ መሣሪያ ግን ሰበር ነው። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ካደረገ ወዲህ፣ «ሰበር ወስኗል!» የማይባልበት ጭቅጭቅ የለም። ጥንት በላ ልበልሃ ሲል የነበረው ተሟጋች ዱላውን ወድሮ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ነገሩን በቃሉ ያወርደው ነበር። የዛሬው ስልኩን ሽቅብ ያነሣና መዝገብ ቁጥር ይጠራል። ውሳኔው የኪራይ ጉዳይ ይሁን የውርስ፣ እሱም አልከፈተው፣ ባላጋራውም አይጠይቀው። ያው ችሎት በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችል እዚያው አዋጅ ላይ ተጽፎ ነበር፤ የሚቀጥለውን ቅጽ ማውረድ ግን ሜጋ ባይት ይበላል።

አሁን ደግሞ ማውረዱም ቀርቶ «ቻትጂፒቲን ጠይቀው» መጥቷል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ አየር መንገድ ከሰው የሚሟገቱ ጠበቆች በዚህ መሣሪያ የተፈበረኩ፣ ጨርሶ ያልተወሰኑ ፍርዶችን ለችሎት ጠቅሰው አቀረቡ። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው። ከቅጣቱ ይልቅ የሚያስቀው፣ ፍርዶቹ እውነተኛ መሆናቸውን ለማረጋገጥ የተጠየቀው ራሱ መሣሪያው መሆኑ ነው። እሱም በትሕትና «አዎን፣ እውነተኛ ናቸው» አለ። ተከሳሹን ምስክር አድርጎ መጥራት ማለት ይኼ ነው። እኛ ዘንድ ማሽኑ መዝገብ ቁጥር ፈጥሮ ቢሰጠን እንኳ የሚያጋልጠን አናገኝም፤ እውነተኛውን ቁጥርስ መቼ ከፍተን አየነው?

ይህ ሁሉ ነጻ ነገር እያለ ሕዝቡ የሚያምነው የሕግ ምንጭ አንድ ብቻ ነው፦ ሕግ የተማረ ዘመድ። እሱም በነጻ ነው፤ ዳታም አይፈጅም። እሑድ ማታ ይደወልለታል። መጀመሪያ የልጆቹ ደኅንነት፣ ቀጥሎ የእናቱ ጉልበት ይጠየቃል፤ ከዚያ «እግረ መንገዴን አንዲት ነገር ልጠይቅህ ነበር» ተብሎ የአጥር ክርክሩ ከአያት ጀምሮ ይተረካል። ጥያቄው እልባት እስኪያገኝ እራቱ ይቀዘቅዛል።

«አጎቴ፣ ሕጉ እርስዎ ስልክ ላይ አለ ብለውኝ አልነበር?»

«አለ እንጂ! መቼ ጠፋ?»

«በሉ እስቲ ይላኩልኝ፤ የእኔ ስልክ ሞልቶብኝ አጥፍቼዋለሁ።»