የመኝታ ሰዓት ቡና

ለሥራ ጉዳይ ቡካሬስት የደረስኩ ዕለት፣ ገና በሩን ሳልፍ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ፈገግ ብላ «ቡና!» አለችኝ። ሌሊቱን በአውሮፕላን ስንገላታ ያደርኩ ሰው ነኝ፤ ልመርቃት ምንም አልቀረኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወፈር ይበል» ልላት ስል ቁልፌን ሰጥታኝ ከኋላዬ ወዳለው እንግዳ ዞረች። እሱንም «ቡና!» አለችው። ለእሱም አልመጣለትም።

ደጋግሜ ስሰማ ለካ መጨረሻዋን ዋጥ አድርገው «ቡነ» ነው የሚሉት፤ ሱስ ያለበት ጆሮ ግን ይህን አይለይም። ቀን «ቡነ ዚዋ»፣ ማታ «ቡነ ሴያራ»። አገሩ ሁሉ ቡና ይላል፣ ቡና ግን የለም። በማግስቱ ካፌ ገብቼ አስተናጋጇን «ቡና» አልኳት። «ቡነ!» አለችና ፈገግ ብላ ቆመች። ጠበቅኳት። ጠበቀችኝ። «ቡና» ስል ደገምኩ፤ እሷም በትሕትና ደገመች። እንዲህ ሰላም ስንባባል ቆይተን የጎረቤቴን ሲኒ በጣቴ ሳሳያት ነው የበራላት፤ «አ፣ ካፌያ!»

ያን ዕለት ማታ ወደ ክፍሌ ስወጣ ያቺው እንግዳ ተቀባይ «ኗፕቴ ቡነ» ብላ ሸኘችኝ። በመኝታ ሰዓት ቡና! ምን አድርጌያት ነው?

«ቡነ» በሩማንኛ «ጥሩ» ማለት ነው፤ ብቻዋን ስትባል ሰላምታ ትሆናለች። የላቲኑ «ቦኑስ» ልጅ ናት፤ በዓመቱ መጨረሻ ይሰጣችኋል ተብለን የምንጠብቀው ቦነስም ከዚያው ነው።

ይህን ታሪክ ይዤ ስመለስ ስህተቴ ለጎረቤቴ ለጋሼ መንገሬ ነበር። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የዓለም ቋንቋ ሁሉ ከእኛ የተዘረፈ መሆኑን በማስረዳት ላይ ናቸው። እትዬ ቡናውን እየቆሉ፣ ጭሱን ወደኛ እያራገቡ ያዳምጣሉ።

«ይኸውልህ!» አሉ ጋሼ። «ሮማውያን ቡናችንን ቀመሱ፤ ከዚያ ወዲያ ጥሩ ነገር ሁሉ ቡና ተባለ።»

(ስለ «ካፌያ» ትንፍሽ አላልኩም። የቋንቋ ሰዎች ቃሉን በቱርኩ «ካህቬ» በኩል ወደ ዓረብኛው «ቀህዋ» ነው የሚወስዱት፤ ጋሼ ግን ከፋን ካነሱ አንተኛም።)

«እሺ፣ ጀርመኖች ቡና የሚሉት ጎማ ቢሆንስ?» አልኳቸው። እውነት ነው፤ በ1930ዎቹ የሠሩት ሰው ሠራሽ ጎማ ስሙ ቡና ነው። «ቡ» ከቡታዲየን፣ «ና» ደግሞ እኛ ሶዲየም ከምንለው ከናትሪየም ተቀንጭቦ። ሽኮፓው ያለው ፋብሪካም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር።

«አንዳንድ ቤት የሚቀርበውን ብትቀምስ አይገርምህም ነበር» አሉ።

«ጃፓኖችስ ቡና የሚሉት አንድ የተራራ ጫካ ዛፍ ነው።»

«ዛፍ መሆኑን ከደረሱበት፣ የቀራቸው መቁላት ነው።»

ያለችኝን የመጨረሻ ጥይት አወጣሁ። ዓለም ላይ 7000 ያህል ቋንቋ አለ፤ ሁሉም የሚሠራው የሰው አፍ ባወጣው ጥቂት ድምፅ ነው። እንደ «ቡና» ያለች አጭር ቃል ሳትጋጭ ብትቀር ነበር የሚገርመው። ዝምድና የሚለየው በመልክ ሳይሆን እንደኛ አገር የዘር ቆጠራ ወደ ኋላ ተሂዶ ነው። የኛ «ቡና»፣ የትግርኛው «ቡን»፣ የኦሮምኛው «ቡና»፣ የዓረቡ «ቡን» በድምፅም በነገሩም አንድ ናቸው፤ ፍሬው ራሱ ይመሰክራል። የሩማኖቹ ግን ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ይርቀናል፤ «ቡነ» ከ«ቦኑስ»፣ «ቦኑስ» ደግሞ ከጥንታዊው «ዱዌኖስ»። ዱዌኖስና ቡናን ማን ያዛምዳል?

ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። ድል ጣፋጭ ነች፤ አፌን ያዝ ባደርግ ኖሮ።

«ይኼ ዱዌኖስ የት ተጽፎ ተገኘ?»

«ሮም ውስጥ በ1880 ከመሬት የወጣ የሸክላ ዕቃ ላይ።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?»

«እርስ በርስ የተያያዙ... ትንንሽ ማሰሮዎች ናቸው።»

«ስንት?»

መዋሸት እችል ነበር። «ሦስት» አልኩ።

ጋሼ ቀስ ብለው ወደ እትዬ ዞሩ። «ሰማሽ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ» አሉና ሲኒያቸውን ዘረጉ።